ስለ ገመናና ስለ ፍጥነት፤ ጠያቂ ከምሥጢሩ ምን ያህሉን ቢለቅ ይገባዋል?

ሰው በጠየቀ ጊዜ ሁለት ነገር ባንድነት ይፈጸማል። ጠያቂው ያላወቀውን ያውቃል፤ የተጠየቀውም ስለ ጠያቂው ያላወቀውን ያውቃል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከወዴት እንደሚገኝ የጠየቀ ሰው መልሱን ይዞ ሲመለስ፣ በቤቱ በሽተኛ መኖሩን ለመላሹ ትቶለት ይመለሳል። ስለ ውርስ ሕግ የጠየቀ ከወንድሞቹ ጋራ ክርክር እንዳለው፣ ስለ ሩቅ አገር መንገድ የጠየቀም ካገሩ ለመውጣት እንዳሰበ ሳይናገር ተናግሯል። እንግዲህ ጥያቄ እንደ መስኮት ነው፤ ባለቤቱ በርሱ ወደ ውጭ ሲመለከት፣ በውጭ ያለውም በዚያው ወደ ውስጥ ይመለከታል።

በቀድሞ ዘመን ይህ ነገር ብዙ አያስጨንቅም ነበር። የተጠየቀው ሰው ይረሳል፤ ባይረሳም ያፍራል፤ ባያፍርም አንድ ቀን ይሞታል። በዛሬው ዘመን ግን የምንጠይቀው ሰውን ብቻ አይደለም። ሐኪም ከማማከራችንና ጠበቃ ከመያዛችን በፊት፣ በእጃችን ባለው ስልክ አማካይነት በሩቅ አገር የተቀመጠውን ታላቅ መዝገብ፣ ይኸውም የመረጃ ቋት የሚባለውን፣ እንጠይቃለን። ይህ መዝገብ መልሱን በቅጽበት ይሰጣል፤ ነገር ግን ማን ምንን መቼ እንደ ጠየቀ ጽፎ ሊያኖር ይችላል፤ እንደ ሰውም አይረሳም፣ አያፍርም። ስለዚህ «ምሥጢሬን በሙሉ ጠብቄ መልሱ ይዘግይብኝን? ወይስ ከምሥጢሬ ጥቂት ለቅቄ ፈጥኖ ይድረሰኝ?» የሚለው ነገር የሒሳብ ሊቃውንት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የማናችንም ጥያቄ ሆኗል። እኛም ዛሬ እንደ ዐቅማችን ልንመረምረው ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲገለጥ በምሳሌ እንጀምር። ባንድ ገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ሺሕ መጻሕፍት አሉ እንበል። መጻሕፍቱ ለማንም የተከለከሉ አይደሉም፤ የመጣ ሁሉ ያነባቸዋል። ጠባቂው ግን የወጣውን መጽሐፍ ሁሉ ከአንባቢው ስም ጋራ ይጽፋል። አንድ ሰው ስለ ሥጋ ደዌ የሚናገረውን የመድኃኒት መጽሐፍ ለማየት ፈለገ፤ ያን መጽሐፍ ማየቱን ግን ጠባቂው እንዲያውቅበት አልወደደም። እዚህ ላይ ልብ ማድረግ ይገባል። የሚሰወረው መጽሐፉ አይደለም፤ መጽሐፉ የሁሉ ነው። የሚሰወረው ምርጫው ነው።

ይህ ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ የሚታመነው መንገድ «ሺሑንም መጻሕፍት አውጡልኝ» ማለት ነው። ሁሉን የጠየቀ ሰው የትኛውን እንደ ፈለገ አይታወቅበትምና። ነገር ግን አንድ ገጽ ለማንበብ ሲል ጠባቂውን ቀኑን ሙሉ ያደክማል፤ ከኋላው የቆሙትንም አንባቢዎች ያጉላላል። በኮምፒዩተርም ዘንድ እንዲሁ ነው። መዝገቡን በሙሉ ወደ ራስ ቤት መገልበጥ ፍጹም መሰወሪያ ነው፤ መዝገቡ ታላቅ በሆነ ጊዜ ግን የማይሞከር ይሆናል።

በ1995 ዓ.ም. ቤኒ ቾር፣ ኦዴድ ጎልድራይክ፣ ኤያል ኩሺሌቪትዝና ማዱ ሱዳን የተባሉ አራት ሊቃውንት ከዚህ የቀለለ መንገድ አሳዩ። የመንገዳቸው መሠረት በቀላል አነጋገር እንዲህ ነው። የመዝገቡ ግልባጭ እርስ በርሳቸው በማይነጋገሩ ሁለት ጠባቂዎች እጅ ይቀመጣል፤ በየተራውም አንድ አንድ ቍጥር ተጽፏል እንበል። ጠያቂው በአራተኛው ተራ ያለውን ይፈልጋል። ለመጀመሪያው ጠባቂ «በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በሰባተኛው ተራ ያለውን ደምረህ ስጠኝ» ይለዋል። ለሌላው ደግሞ «በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በአምስተኛውና በሰባተኛው ተራ ያለውን ደምረህ ስጠኝ» ይለዋል። ከኋለኛው ድምር የፊተኛውን ቢቀንስ በአራተኛው ተራ ያለው ቍጥር ብቻ ይቀርለታል። ተራዎቹ በዕጣ የተመረጡ ናቸው፤ ዕጣው አራተኛውን ራሱን ቢያወጣም ለሁለተኛው ጠባቂ ሲነገር ይጐድላል እንጂ አይጨመርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠባቂ ብቻውን የሚያየው ፍች የሌለው ዕጣ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ቢማከሩ ግን ምሥጢሩ በዚያው ሰዓት ይወጣል።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ኩሺሌቪትዝና ራፋኤል ኦስትሮቭስኪ ጠባቂው አንድ ብቻ ቢሆንም እንኳ ጥያቄን በረቂቅ ስሌት ቈልፎ መላክ እንደሚቻል አስረዱ። ጠባቂው የተቈለፈውን ጥያቄ ሳይከፍት ይሠራበታል፤ መልሱም እንደ ተቈለፈ ይመለሳል፤ ቍልፉ ያለው በጠያቂው እጅ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ዕዳ ይቀራል። ምሥጢሩ ፍጹም እንዲሆን ከተፈለገ ጠባቂው የመዝገቡን ተራ ሁሉ መዳሰስ ግድ ይሆንበታል፤ አንዱን ሳይነካ ቢተው፣ ያ ያልተነካው ያልተፈለገ መሆኑን ያውቃልና። መዝገቡን አስቀድሞ በልዩ አኳኋን በማሰናዳት ይህን ድካም መቀነስ እንደሚቻል በ2000 ዓ.ም. ታይቷል፤ ነገር ግን መሰናዶውም ራሱ ድካምና ስፍራ ይሻል። ፍጹም መሰወር ያለ ዋጋ አይገኝም።

ስለዚህ በሁለቱ ዳር መካከል ሦስተኛ መንገድ ተፈለገ፤ ይኸውም ከምሥጢሩ የታወቀ ልክ ለቅቆ ባንጻሩ ብዙ ድካም ማትረፍ ነው። ለዚህም በሥራ የታየ ምሳሌ አለ። ትሮይ ሀንት የተባለ አውስትራልያዊ፣ ሌቦች ከልዩ ልዩ ስፍራ ሰርቀው የበተኗቸውን የይለፍ ቃሎች ሰብስቦ፣ ማንም ሰው የራሱ ቃል ከነዚያ መካከል መኖር አለመኖሩን የሚጠይቅበት «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የሚባል መዝገብ አቁሟል። ነገር ግን «የይለፍ ቃሌ ይህ ነውና ተሰርቋልን?» ብሎ መጠየቅ፣ የቤትን ቍልፍ ለማያውቁት ሰው አስረክቦ «ይህ ቍልፍ በሌባ እጅ ገብቶ ነበርን?» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በ2018 ዓ.ም. በክላውድፍሌር ይሠራ የነበረው ጁናይድ አሊ ባሰበው መሠረት ሌላ ዘዴ ተደረገ። የይለፍ ቃሉ በጠያቂው መሣሪያ ውስጥ እንዳለ ሃሽ በሚባለው ስሌት ወደ 40 ምልክቶች ይለወጣል፤ ከአርባው የፊተኞቹ 5 ብቻ ይላካሉ። እያንዳንዱ ምልክት ከ16 አንዱ ስለ ሆነ አምስቱ ምልክቶች 1,048,576 ሣጥኖችን ይለያሉ። በዚያ ዓመት በመዝገቡ ከ500 ሚሊዮን በላይ ቃሎች ነበሩና ባንድ ሣጥን ውስጥ ባማካይ ከ470 የሚበልጡ ይገኙ ነበር። መዝገቡ በሣጥኑ ያለውን ሁሉ ይልካል፤ ጠያቂውም በቤቱ ሆኖ የራሱ ቃል እንዳለበት ያመሳክራል።

በዚህ ዘዴ ምን ተለቀቀ? ምንስ ተረፈ? ጠባቂው የጠያቂው ቃል ከሚሊዮኑ ሣጥን በየትኛው እንደሚመደብ ዐውቋል፤ ይህም ቀላል ዕውቀት አይደለም። ቃሉ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቀም፤ ከተሰረቁት መካከል መኖር አለመኖሩንም አላወቀም። ባንጻሩ ጠያቂው ግማሽ ቢሊዮን ቃል መገልበጥ ቀርቶለት ጥቂት መቶ መስመር ማንበብ በቃው።

ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው «የተነካ ምሥጢር ምሥጢር አይደለም፤ ወይ ሁሉን ጠብቅ፣ ወይ ሁሉን ተው» ይላል። ይህ አነጋገር ሲሰሙት ቍርጥ ያለ ይመስላል። ፍሬውን ብንመለከት ግን፣ ፍጹሙ መንገድ ከከበደ የሚሄድበት ሰው ያንሳል፤ የቀረውም ሁሉ ደክሞ በገሃድ ይጠይቃል። የድንጋይ ቤት እስኪሠራለት ድረስ በሜዳ የሚያድር ሰው፣ በጎጆ ካደረው ይልቅ በዝናብ ይበሰብሳል። ስለዚህ በልክ መልቀቅ በራሱ ነውር ነው አንልም። ክርክራችን በሦስት ነገር ላይ ነው፤ ልኩ እንዴት ይቈጠራል? ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? ልኩንስ የሚወስነው ማን ነው?

ስለ ፊተኛው ለመናገር ወደ ገዳሙ ዕቃ ቤት እንመለስ። ያ ሰው ሺሑን ትቶ ዐሥር መጻሕፍት ብቻ ጠየቀ እንበል፤ አንዱ የሚፈልገው፣ ዘጠኙ መሸፈኛ ናቸው። ዘጠኙ ሁሉ የዳዊት መዝሙር ቢሆኑ መሸፈኛነታቸው ከንቱ ነው፤ መሸፈኛ የሚሆነው ሰው በውነት ሊፈልገው የሚችለው ነገር ብቻ ነውና። መሸፈኛዎቹን በጥንቃቄ መረጠ ብንል፣ ጠባቂው ከዐሥሩ የትኛው እንደ ሆነ ሊለይ አይችልም። በማግሥቱ ግን ሰውየው የመድኃኒቱን መጽሐፍ ሊደግመው መጣ፤ ሌሎች ዘጠኝ አዲስ መጻሕፍትም ጨምሮ ጠየቀ። ጠባቂው የሁለቱን ቀን ጽሑፍ ቢያስተያይ በሁለቱም ቀን የወጣው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ሰውየው በየቀኑ በቂ መሸፈኛ ነበረው፤ ሁለቱ ቀኖች ሲደመሩ ግን ዕራቁቱን ቀረ።

የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅን ያውቃል። በቅኔ ሰሙ የሚሠራው ወርቁ እንዲገኝ ነው፤ ሰሚው ቢደክምም ባለቅኔው በመገኘቱ ይደሰታል። በዚህ በምንናገርበት ነገር ግን ሰሙ የተሠራው ወርቁ ከቶ እንዳይገኝ ነው፤ ሰሚው ደግሞ ወርቁን ቢያገኝ የሚያተርፍ፣ ጊዜም መሣሪያም የማያጣ ሰው ነው። ስለዚህ በሰሙ ውፍረት ብቻ የሚታመን ጠያቂ የሰሚውን ብልሃት አቃልሎ ገምቷል።

ሊቃውንት እንዲህ ያለውን የምሥጢር መፍሰስ የሚለኩበት መስፈሪያ አበጅተዋል። በ2006 ዓ.ም. ሲንቲያ ድዎርክና ባልንጀሮቿ አወጡት፤ ምልክቱም ኤፕሲሎን የሚባለው የግሪክ ፊደል ነው። በ2016 ዓ.ም. ራፋኤል ቶሌዶ፣ ጆርጅ ዳኔዚስና ኢያን ጎልድበርግ ይህንኑ መስፈሪያ መዝገብን በምሥጢር ለመጠየቅ አዋሉት፤ ከምሥጢሩ ጥቂት ቢለቀቅ ድካሙ እንደሚቀንስ በስሌት አሳዩ። የመስፈሪያው ትርጓሜ እንዲህ ነው። ጠባቂው «ይህን ፈለገ ወይስ ያን?» እያለ ሲያመዛዝን፣ ያየው ነገር ሚዛኑን ከተወሰነ እጥፍ በላይ እንዳያጋድለው ወሰን ያደርግበታል። ልኩ 1 ቢሆን እጥፉ ከ2.72 አያልፍም። ነገር ግን ያው ነገር በአዲስ ዕጣ ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ እጥፎቹ ይባዛሉና ወሰኑ ወደ 7.4 ይወጣል፤ ዐሥር ጊዜ ቢጠየቅ ከ22,000 ያልፋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ ጥቂት ጥቂት የተለቀቀ ምሥጢርም አንድ ቀን በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ «የምንወስደው ጥቂት ነው» የሚል ሁሉ «ስንት ጊዜ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህም በሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ኤ.ኦ.ኤል. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል ብሎ፣ 650,000 ያህል ሰዎች በሦስት ወር ውስጥ የጠየቋቸውን ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆኑ ጥያቄዎች ለሕዝብ አወጣ። የሰዎቹን ስም አጥፍቶ በቍጥር ተክቶት ነበር። ዳሩ ግን የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ባንድ ቍጥር ሥር የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች እያስተያዩ፣ የጠየቀችውን ሴት ማን እንደ ሆነች ለይተው አገኟት። ከጥያቄዎቿ አንዱ ብቻውን ማንነቷን አልተናገረም፤ ሁሉ ባንድነት ግን ተናገሩ። ስለ በሽታ ከጠየቀቻቸውም ብዙዎቹ የወዳጆቿ ሕመሞች ነበሩ። ጽሑፉን ብቻ ያየ ሰው ግን እርስዋን የበሽታ ሁሉ ማደሪያ አድርጎ ሊቈጥራት በቻለ ነበር። እንግዲህ የወጣ ገመና እውነትን ብቻ ሳይሆን ሐሰትንም ይወልዳል። ኩባንያው መዝገቡን ፈጥኖ ቢያነሣውም ግልባጩ አስቀድሞ ተበትኖ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሁለተኛው ነገር ጉዳቱ የሚወድቅበት ነው። መስፈሪያው ለሁሉ አንድ ቢሆንም ጉዳቱ ለሁሉ አንድ አይደለም። የጤፍ ዋጋ የጠየቀና ስለ ሥጋ ደዌ የጠየቀ ሰው ባንድ ልክ ይለካሉ። ምሥጢሩ ቢገለጥ የፊተኛው ይስቃል፤ የኋለኛው ግን እንጀራውንና ትዳሩን፣ ከጎረቤቶቹ ጋራ የሚቀመጥበትንም ስፍራ ሊያጣ ይችላል። ትርፉን ብንመለከት ግን ፍጥነቱን ሁሉም ይካፈለዋል፤ የወጪውንም መቀነስ ይልቁን ባለመዝገቡ ይወስደዋል። ስለዚህ «ጉዳቱ ባማካይ ጥቂት ነው» የሚል ሰው የጥቂቶቹን ታላቅ ጉዳት ምንም ባልተነኩት ብዙዎች ላይ በትኖ ማሳነሱ ነው። አማካይ አይታመምም፣ ከሥራም አይባረርም፤ የሚታመመውና የሚባረረው ሰው ነው።

እዚህ ላይ «ክፉ ያልሠራ ሰው የሚሰውረው ምን አለው?» የሚል ክርክር ይነሣል። መልሱ ቅርብ ነው። ሰው በሩን የሚዘጋው በቤቱ ወንጀል ስላለ አይደለም። በሽታ፣ ድኽነት፣ ልጅ ማጣት፣ የጋብቻ ችግር ኀጢአት አይደሉም፤ ነገር ግን ማንም በአደባባይ እንዲነበቡበት አይሻም። ይልቁንም የሚሰውር ሰው ሁሉ ችግረኛ ብቻ ቢሆን፣ መሰወሩ ራሱ ምልክት ሆኖ ያጋልጠዋል። መሸፈኛ የሚሆነው ብዙ ሰው ሲገባበት ነው። እንግዲህ የጤፍ ዋጋ የሚጠይቀውም ሰው በዚያው በተሰወረ መንገድ ቢጠይቅ ለራሱ ምንም አይጠቀም ይሆናል፤ ለበሽተኛው ጎረቤቱ ግን ጥላ ሆኖታል። በገመና ነገር ጤነኛው ለታመመው የሚያደርገው እርዳታ እንዲህ ያለ ነው፤ የሚያስከፍለውም ጥቂት መዘግየት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ልኩን የሚወስነው ነው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ምን ያህል ምሥጢር እንደሚለቀቅ የሚወስነው ባለመዝገቡ ነው፤ ከመለቀቁም የሚያተርፈው እርሱው ነው። ይህም እህል ገዢው በራሱ ሚዛን መዝኖ፣ ዋጋውንም ራሱ ቈርጦ እንደሚሸምተው ነው። «ጠያቂው እሺ ብሏል» ይሉናል። ነገር ግን ረጅም ጽሑፍ ሳያነብ «እሺ» የሚለውን ምልክት የነካ ሰው የሰጠውን አያውቅም፤ የሰጠውን የማያውቅ ሰው ደግሞ ተወሰደበት እንጂ ሰጠ አይባልም። ሌላውም «ባለመዝገቡ ደግ ሰው ነውና እመነው» ይላል። ደግ ይሁን። ነገር ግን ደጉ ጠባቂ ቢያረጅና ቢሄድ መዝገቡ ለተተኪው ያልፋል፤ ተተኪው ምን ዐይነት ሰው እንደሚሆን የፊተኛው ሊማልበት አይችልም። ከሁሉ የሚሻለው ደግነት ሊጻፍ የማያስፈልገውን አለመጻፍ ነው።

አሁን ወደዚያ የመድኃኒቱን መጽሐፍ ወደ ፈለገው ሰው እንመለስ። «የመድኃኒት መጻሕፍትን መደርደሪያ በሙሉ አውጡልኝ» ቢል ጥቂት የተሰወረ ይመስለዋል፤ ጠባቂው ግን በቤቱ ሕመም መኖሩን ዐወቀ። መጻሕፍቱ እንደ ትምህርታቸው ሳይሆን በዕጣ ተደባልቀው በሣጥን በሣጥን ቢቀመጡ ግን፣ በያንዳንዱ ሣጥን የመድኃኒቱም፣ የሕጉም፣ የታሪኩም መጽሐፍ ይገኛል። ሰውየው ሠላሳ መጻሕፍት ያሉበትን ሣጥን ይጠይቃል፤ ነገም ለዚያው መጽሐፍ ሲመለስ ያንኑ ሣጥን ይጠይቃል፤ የድካሙም ልክ ሺሕ መሆኑ ቀርቶ ሠላሳ ይሆናል። ጠባቂውም በበሩ ላይ «እዚህ የሚታወቅባችሁ ሣጥናችሁ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ መሰወር የሚሻ ሁለት ወይም ሦስት ሣጥን ይጠይቅ፤ የሚዘገየውም ይህን ያህል ነው» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ያውቃል፣ ይመርጣል፣ ይለካል። ለመጽሐፉ ሲል ከገመናው የለቀቀው የታወቀ ነው፤ የለቀቀውም ራሱ ነው።

ከዚህ ያነሰ ነገር ሲቀርብልን፣ ፍጥነቱን ከማመስገናችን በፊት፣ የቀለለው የማን ሸክም እንደ ሆነና ሸክሙም በማን ጫንቃ ላይ እንደ ተጫነ መጠየቅ ይገባናል። ይህን ጥያቄ እንኳ ማንም ሳይሰወር በገሃድ ሊጠይቀው ይችላል።